አባቴና የጉናዎቹ እህትማማቾች

አባቴ ጡረታ በወጣ ማግስት እንደ ልማዱ ማልዶ ተነሣ፤ ፊቱን ታጠበ፣ ጺሙን ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰና በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። እናቴ ከጓዳ ሆና ታየው ነበር።

“ወዴት ነው?” አለችው።

“እኔ እንጃ” አላትና ሁለቱም ሳቁ። ኮቱን ግን አላወለቀም። ጓሮ ወጥቶ ከነኮቱ የጌሾውን ሥር ሲኮተኩት ዋለ።

የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያነት ነው። ስሙን የማያውቁ ሰዎች “የማኅበራዊው ሰውዬ” ይሉታል። ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ከዘመድ ያገናኛል፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ የተለያዩ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያሳድጉ አስቀምጦ ያነጋግራል። ለቢሮው መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሲጠፋ በበቅሎ፣ ብዙውን ጊዜ ግን በእግሩ ነበር የሚሄደው። ከጉና ተራራ ሲመለስ ጆሮው በብርድ ቀልቶ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ ይገባና ገና ሳይቀመጥ እኛን ልጆቹን ይጠይቃል፦ “ዛሬ ማን አስቀየማችሁ? ማንስ ደስ አሰኛችሁ?” ሁላችንም ተራ በተራ ሳንመልስ ራት አይቀርብም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርት ቤት ልብሳችንን የሚያጥበው እሱ ነበር። የሰፈር ወንዶች ሲያሾፉበት “ውሃው በረዶ ነው፤ የሚስቴ እጅ ብረት ነው እንዴ?” ይላቸዋል። ስለ ሥራው ግን ቤት ውስጥ አያወራም ነበር። ልጅ ሆነን ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ከማን እንደታረቀ እንዲነግረን ብንወተውተውም “የሰው ገመና ነው፤ እኛ ራት ላይ ምን ያደርጋል?” ብሎ ያሳልፈናል። የሥራውንና የቤቱን ነገር ቀላቅሎ አያውቅም። እኔም ይህ መቼም የማይለወጥ ይመስለኝ ነበር።

ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጉና ሥር በጠና የታመመች አንዲት እናት ዘንድ ይመላለስ ነበር። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ታላቂቱ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናታል፣ ታናሺቱ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ሴትዮዋ መደብ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታ፣ አባቴ ሊሰናበታት ሲነሣ እጁን ያዘችው።

“ልጆቼን አታለያዩብኝ” አለችው።

“እሺ” አላት።

ሴትዮዋ ስትሞት አባቴ ጉልበቱን አሞት አልጋ ላይ ነበር። ተሽሎት እንደገና ወደ ጉና የወጣው ጡረተኛ ሆኖ፣ በራሱ ጊዜና በራሱ እግር ነው። ሲደርስ የቤቱ በር ከውጭ በገመድ ታስሯል። ከአጥሩ ማዶ ገብስ የምታርም ጎረቤት ቀና አለችና “የእናታቸው አርባ እንደወጣ ልጆቹን ወሰዷቸው” አለችው። “ትልቋን አጎቷ ሐሙሲት፣ ትንሿን አክስቷ ይፋግ።”

“አንድ ላይ አይደለም?”

“የት አንድ ላይ! ትንሿንማ እየጮኸች ነው በቅሎ ላይ የጫኗት።”

አባቴ በቀጥታ ወደ ቀድሞ ቢሮው ሄደ። በእሱ ቦታ የተተካችው ወጣት በአክብሮት ተቀበለችው። “ጋሼ፣ እነሱን እኮ ዘመድ ወስዷቸዋል” አለችው። “ዘመድ ያልተገኘላቸው ስንት እንዳሉ እርስዎ ያውቃሉ። መኪናውም ከቆመ ቆይቷል።” ቤት መጥቶ ሲነግረን አልተናደደባትም። “እውነቷን ነው፤ የምትሮጥለት ብዙ ነው” አለ። “እኔ ግን አሁን ሥራ የለኝም።”

እናቴ ድስቱን ከምድጃው አወረደችና ዞረችበት። “ጡረታ ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ሁሉ ዓመት ለሰው ሰጥቼሃለሁ። ጣራው ያፈሳል። ጉልበትህ አልታጠፍ ብሏል። ከእኔ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠህ ታውቃለህ?”

“አላውቅም” አላት።

“እና?”

“እሺ ብያታለሁ።”

“ማንን?”

“እናታቸውን።” ያን ጊዜ ነው የሴትዮዋን ነገር የነገረን። ስለ ሥራው እንዲያ ሲያወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። “እንደ ባለሙያ ‘እሞክራለሁ’ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እሺ አልኩ” አለ።

እናቴ ድስቱን መልሳ ጣደችው። በማግስቱ ጠዋት ወደ እኔ መጣች። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ከመምህርነት ሥራዬ እረፍት ላይ ነበርኩ። “አብረሽው ሂጂ፤ ብቻውን ከሄደ ምሳ አይበላም” አለችኝ።

ጊዜው በጸጥታ ችግር መንገድ አንድ ሰሞን ተከፍቶ አንድ ሰሞን የሚዘጋበት ስለነበር፣ ከመነሣታችን በፊት መናኸሪያ ሄጄ መኪና መኖሩን አጣራሁ። አባቴ ዕቅዱን በሚኒባሱ ውስጥ ነገረኝ። ጉና ላይ የልጆቹ እናት አጎት የሆኑ አንድ ቄስ አሉ፤ እሳቸው ሁለቱንም እቀበላለሁ ብለውታል። ስለዚህ ትንሿን ከይፋግ፣ ትልቋን ከሐሙሲት አግኝቶ፣ ዘመዶቹን አስማምቶ አንድ ላይ ወደ ጉና ሊመልሳቸው ነው። ወረታ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ አባቴ ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ መኪና ቀይረን የሩዙን ማሳ ግራና ቀኝ እያየን ወደ ይፋግ ዞርን።

አክስትየዋ መንገድ ዳር ሽንኩርት ትሸጣለች። ስታየን ሊወቅሳት የመጣ ሰው መስሏት ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ጀመረች፦ “እኔ ምን አጠፋሁ ጋሼ? ከልጆቼ እኩል አበላታለሁ፣ እኩል አለብሳታለሁ። ግን አንዲት ቃል አትናገርም። ፀጉርሽን ልሥራሽ ስላትማ ትነክሰኛለች።”

“ምንም አላጠፋሽም እህቴ” አላት አባቴ። “አንቺን ለመውቀስ አልመጣሁም።”

ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ተለጥፋ ቆማለች። ፀጉሯ ተቆላልፎ እንደ ገመድ ተገምዷል። አባቴ አልጠራትም፤ አላያትምም። በጭንቅ ጉልበቱን አጥፎ ከሽንኩርቱ ክምር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና የበሰበሰውን ከደህናው ይለይ ጀመር። እኔም አብሬው ተቀመጥኩ። አክስትየዋ ግራ ገብቷት ትንሽ ካየችን በኋላ እሷም ሥራዋን ቀጠለች። ብዙ ከቆየን በኋላ አባቴ ቀና ሳይል ተናገረ፦

“ከዚህ ሐሙሲት እሄዳለሁ። እህትሽን አገኛታለሁ። የምትልኪብኝ ነገር ካለ እነግርልሻለሁ።”

አባቴ መልቀሙን ቀጠለ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ቀጭን፣ የሻከረ ድምፅ መጣ።

“ፀጉሬን ማንም አልነካውም በሏት።”

አክስትየዋ የያዘችው ሽንኩርት ከእጇ ወደቀ። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ሐሙሲት ስንደርስ ገበያው ቆሟል፤ ከየአቅጣጫው የመጣው ገበሬ መንገዱን ሞልቶታል። የልጆቹ አጎት ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አለው። ታላቂቱን ከጓሮ ዕቃ ስታጥብ አገኘናት፤ ከሽርጧ በላይ የትምህርት ቤት ሸሚዟን ለብሳለች። አባቴን ስታይ ወዲያው አወቀችው። የእህቷን መልእክት ሲነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ሌላ ሰው ያሳምማታል” አለች። “ከጫፉ ነው መጀመር ያለበት። እነሱ ከሥሩ ይጎትቷታል።”

አባቴ ስለ ጉናውና ስለ ቄሱ አስረዳት። እኔ ዘልላ የምትነሣ መስሎኝ ነበር።

“አልሄድም” አለች።

“ለምን?”

“እዚህ ጠዋት ጠዋት እማራለሁ። እዚያ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ አባም አርጅተዋል። ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይድሩኛል።”

“ታናሽሽስ?”

“እሷ ትምጣ።”

አባቴ አንገቱን አቀርቅሮ አሰበ። እናታቸው በሕይወት ሳለች ቄሱን ለማስማማት ያንን ዳገት ስንት ጊዜ እንደወጣ በሚኒባሱ ውስጥ ነግሮኛል። “እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር” አላት። “ትቼዋለሁ። አንቺ ባልሽው እንሞክር።”

አጎትየው ግን ገና ሳንጨርስ እጁን አወናጨፈ። “አይሆንም ጋሼ። ሚስቴ አራስ ናት፣ ቤቱም ይኸው እንደሚያዩት ነው። ትልቋን ይዣለሁ፤ ትንሿን አልችልም።”

“ዛሬ መልስ አልጠይቅህም። የዛሬ ሳምንት ሐሙስ እመጣለሁ።”

“ሐሙስም ያው ነው።”

“ያው ከሆነ ያው ትለኛለህ።”

ሐሙስ ሄደ። የሚቀጥለውም ሐሙስ ሄደ። መንገድ ክፍት በሆነ ቁጥር፣ በገበያው ቀን፣ ምግብ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር የሚቀመጠው፤ በኋላ ድንች መላጥ ጀመረ፤ ቆይቶ ደግሞ የአጎትየው ሚስት እህል እስክትቀምስ ሕፃኑን ይዞ እሹሩሩ ማለት ሆነ። እኔ ትምህርት ስለተከፈተ ሁልጊዜ አብሬው አልሄድም፤ በሄድኩበት ቀን ግን አጎትየው ትዕግሥቱ አልቆ ሲጮህ ሰማሁት።

“ጋሼ፣ ከእንግዲህ ቢመጡ ምሳ አላቀርብልዎትም!”

“በልቼ እመጣለሁ” አለው አባቴ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እናቴ ያሰረችለትን ዳቦ ከኪሱ አውጥቶ እፊቱ ቁጭ ብሎ በላ። ሰውየው ሳይወድ በግድ ሳቀ። ልቡ ግን አልተመለሰም።

ስንመለስ “አባዬ፣ አይሰለችህም?” አልኩት።

“እሱ ይሰልቸው እንጂ እኔማ ሥራ ፈት ነኝ” አለና ሳቀ። ቀጥሎ ግን ሳቁን ተወው። “የሚነግረኝ ምክንያት ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ዋናው እሱ አይደለም። የሚፈራው ነገር አለ። እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።”

ነገረው። አንድ ሐሙስ ገበያው ሲበተን አጎትየው አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠና፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ ታናሺቱን በምታክል ዕድሜ የነበረች የራሱ ልጅ እንደሞተችበት አወራው። ትኩሳት ያዛት፤ ሐኪም ቤት አደረሷት፤ አልተረፈችም። “ሌላ ትንሽ ልጅ በዚህ ግቢ ስትሮጥ ማየት አልችልም” አለው። “ብትታመምብኝስ?”

አባቴ ያን ቀን ቤት ሲገባ የልማዱን ጥያቄ ሳይጠይቅ ተቀመጠ። እናቴ ውሃ አቀረበችለት፤ አጎትየው ያወራውን ነገራት። “ምን አልከው?” አለችው።

“ምን እለዋለሁ? ምንም አላልኩም።”

“አሁንስ ተውከው?”

“አልተውኩትም። ግን ሐሙስ ስሄድ ስለ ልጅቷ አላነሣም። እሱን ልጠይቀው ነው የምሄደው።”

እንዳለውም አደረገ። ስለ ታናሺቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ድንቹን እየላጠ፣ ሕፃኑን እያባበለ፣ ሐዘንተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ተመላለሰ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የይፋጓ አክስት ልጅቷን እጇን ይዛ ደጃችን ቆመች። የአባቴን ሰፈር ጠያይቃ ነው የመጣችው። “ከመልእክቱ በኋላ ስትናገር ደስ ብሎኝ ነበር” አለች። “አሁን ግን የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‘ሐሙሲት መቼ ነው?’ ትለኛለች፤ እህልም አትበላ። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም ጋሼ።” እያለቀሰች ነበር። አባቴ ወደ እናቴ አየ። የሥራ ዘመኑን በሙሉ የጠበቀው ድንበር በራፉ ላይ ደርሷል። እናቴ ግን ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጭቃማ ጫማ እየፈታች ነበር።

“ሥራህን ቤት አታመጣም” አለችው ቀና ሳትል። “አሁን ግን ጡረታ ወጥተሃል። ይቺ እንግዳ ናት።”

ወዲያው መንገዱ ተዘጋ። ልጅቷ ክረምቱን ከእኛ ጋር ቆየች። እናቴ ፀጉሯን አልነካችም፤ በሻሽ ብቻ ሸፍና አሰረችላት። ስልክ በሠራ ቀን አባቴ ሐሙሲት ይደውልና እህትማማቾቹን ያገናኛል። ታናሺቱ ስልኩን ከጆሮዋ ለጥፋ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም። ማታ አባቴ የለመደውን ጥያቄ ለእሷም ያቀርብላታል። መጀመሪያ ትከሻዋን ነቅንቃ ታልፍ ነበር። ክረምቱ ሲጋመስ “ዶሮው አስቀየመኝ” ብላ መለሰች፤ አባቴ ከምር ሆኖ ዶሮው ምን እንዳደረጋት ጠየቃት።

መንገዱ ሲከፈት አባቴ መነሣት አልቻለም። ጉልበቱ አብጦ፣ ልቡም ደክሞ፣ ሐኪሙ ከሰፈር እንዳይወጣ አዞታል። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ሐሙስ ኮቱን ለብሶ፣ ዣንጥላውን ይዞ ከወንበሩ ለመነሣት ሲታገል እናቴ ደረሰችበት። ዣንጥላውን ከእጁ ወሰደች።

“ዛሬ እኔ ነኝ የምሄደው።”

“ምን ትዪዋለሽ?”

“አንተ ያልከውን ሁሉ ሰምቷል። እኔ እህቷን ላሳያት ነው የምወስዳት።”

እናቴ፣ ልጅቷና እኔ ሄድን። ሐሙሲት ስንደርስ ታላቂቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ሽርጧን እያሰረች ነበር። ይተቃቀፋሉ፣ ይላቀሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቃቀፉም። ታላቂቱ ሽርጧን መልሳ ፈታች፤ ዱካ ሳበችና ተቀመጠች፤ እህቷን በጉልበቶቿ መካከል አስገብታ ሻሹን ፈታችላት። ቅባት ከአጎቷ ሚስት ተቀብላ ከጫፉ ጀመረች። ታናሺቱ ሲያማት ትጮኻለች፤ ከቦታዋ ግን አትነቃነቅም። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ዕቃው ሳይታጠብ ተከመረ። አጎትየው ትሪ እንደያዘ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ሲያያቸው ቆየና ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

እናቴ ተነሥታ አጠገቡ ሄደች። “ልጄ፣ ብትታመም እኛ አለን” አለችው። “ብቻህን አይደለህም።” ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ የተናገረችው ሕፃኑን የታቀፈችው የአጎትየው ሚስት ናት። “ከአልጋው ሥር ያለውን ፍራሽ አውጣው” አለችው።

“እሱ እኮ የ...” ብሎ ቆመ።

“አውቃለሁ። ፀሐይ ላይ አውጣው።”

ትሪውን አስቀመጠ። ገባና ትንሿን ፍራሽ አውጥቶ፣ አራግፎ፣ አጥሩ ላይ አሰጣት።

ደብረ ታቦር ስንገባ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከግቢያችን በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ልጅቷ አብራን አለመኖሯን ሲያይ ለመነሣት ሞከረ፤ አቃተው። እናቴ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። ስትጨርስ እንደገና እንድትነግረው ጠየቃት።

“ፀጉሯን ስትሠራት ጮኻለች?”

“ጮኻለች።”

“እህቷስ ተወቻት?”

“አልተወቻትም። እስክትጨርስ አልለቀቀቻትም።”

“ጥሩ” አለ። ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እናቴ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። እኔ ወደ ቤት ገባሁ፤ እነሱ እዚያው ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀና ማለቴ አይደለም። ታናሺቱ የመጀመሪያውን ክፍል ደገመች። በዚያው ዓመት ማለቂያ አካባቢ መንገዱ ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ ምግብ ቤቱም ተዘጋ፤ አጎትየው በምሬት “አልቻልኩም፣ ውሰዷቸው” ብሎ የደወለበት ቀን ነበር። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ አዳመጠው፤ አልተቆጣውም። ያለንን እህል በሚሄድ ሰው ላክንላቸው። የይፋጓ አክስትም ሽንኩርት ላከች። ቀናቱ አለፉ፤ ልጆቹ ከዚያ ቤት ሳይወጡ ምግብ ቤቱ ተከፈተ።

አባቴ ያረፈው በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፤ በቤቱ፣ እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ። ከመሞቱ በፊት በነበሩት ወራት በጡረታው የተመኘችውን አገኘች፤ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ይውል ነበር። ጣራውን አላሠራላትም። እሷ ሠራተኛ አምጥታ ስታሠራው እሱ ከታች ሆኖ ቆርቆሮው የት ጋ እንዳልገጠመ ይጠቁም ነበር።

ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ታላቂቱ እዚሁ ደብረ ታቦር የነርስነት ትምህርት ጀምራለች፤ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ታናሺቱ ሐሙሲት ቀርታለች። ልሂድ አላለችም፤ የአጎቷ ሕፃን አድጎ እግር በእግር ይከተላታል፣ እሷም ያለ እሱ አትንቀሳቀስም። አጎትየው ሲደውል ስለ ውጤቷ ነው መጀመሪያ የሚያወራው።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ስልኩ ጮኸ። ከጋሳይ አካባቢ የሚደውል ገበሬ ነው፤ የማኅበራዊውን ሰውዬ ፈልጎ። ጎረቤቱ ያሉ ባልና ሚስት አርጅተው ጧሪ አጥተዋል፤ ማን ጋ እንደሚደውል ቸግሮታል። እናቴ ስልኩን ተቀበለችው።

“እሱ አርፏል” አለችው። ሰውየው ነፍስ ይማር ብሎ ሊዘጋው ሲል “ቆይ፣ አትዝጋው” አለችው። “ሰዎቹ የት ነው ያሉት? ማን ነው ውሃ የሚቀዳላቸው?”

እየሰማችው በዓይኗ ነጠላዋን ትፈልግ ነበር። አንሥቼ ሰጠኋት።